ሦስት ጊዜ ብልጭ

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ። ሦስተኛው አልጠፋም። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነጭ ብቻ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ። ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ። ቀኑን ሙሉ ከብት ስንከትብ ውለን። የመሥሪያ ቤቱን ሞተር የምነዳው እኔ፣ ከኋላዬ መዝገብ የምትይዝልኝ የቢሮ ባልደረባዬ ምሥራቅ፣ የክትባቱ ሳጥን በመሐላችን። "እናንተ የእንስሳት ሐኪሞች ሰውንም እንደ በግ ነው የምትጭኑት" እያለች ትስቅ ነበር። ፍጥነቴ አርባ። ነገ የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ ዛሬውኑ ልጻፈው፦ አርባ ነበር።

የአስፋልቱ ጫፍ ጠፋኝ። ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማው ጠጠር ላይ ሲንሸራተት ተሰማኝ... ከዚያ ቦዩ ውስጥ ነን።

ከፊት የመጣው መኪና አልቆመም። ድምፁ ከባድ ነበር፣ የጭነት መኪና ይመስላል። ወይስ ፒክአፕ? ቀለሙን አላየሁም። ታርጋውን አላየሁም። ምሥራቅ አልጮኸችም። "ፀዲ፣ እግሬ የት ነው?" ብቻ አለች።

ያነሣን ጋሪ ነጂ ነው። ከሱ በፊት ሁለት መኪና አለፈን። ከጨለመ በኋላ እዚህ መንገድ ላይ ማን ይቆማል?

የኔ የግራ እጅ አንጓ ተሰንጥቋል። የሷ የቀኝ ጭን አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ተስፋው ቦታው ድረስ ወሰደኝ። በሜትር ለካ፣ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠራ።

"መኪናው ነክቶሻል?"

"አልነካኝም። መብራቱ ነው።"

"መብራት ሰው አይገፋም፣ እህቴ።"

"አሳውሮኝ ነው የወጣሁት።"

"ታዲያ ካላየሽ ለምን አልቆምሽም?"

በምን ሰከንድ? "በአሽከርካሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት" ብሎ ጻፈ። ፈርሚ አለኝ። አልፈረምኩም። መንጃ ፈቃዴን ኪሱ ከተተ። "ሞተር ለሴት ይከብዳል" አለ ደግሞ ስንመለስ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት። አምስት ዓመት ነድቻለሁ። የደጋ ዳሞትን ዳገት በክረምት ወጥቻለሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ክንዱ ነው፣ የከብት ነጋዴው። ክንዱ መሆን አለበት።

ባለፈው ወር አሥራ አራት በሬ ነድቶ መጥቶ የጤና ወረቀት ጠየቀኝ። ሁለቱ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ ያነክሳሉ። የአፍና የእግር በሽታ። "ሁሉንም ለይተህ አቆይ፣ ወረቀት የለም" አልኩት። በሰው ፊት "ይቺ ልጅ አንድ ቀን መንገድ ላይ ታገኘኛለች" አለ። ሰው ሳቀ። ያን ቀን እኔም ስቄአለሁ።

ፒክአፑ ጣሪያ ላይ አራት ፓውዛ መብራት ደርድሯል። አራት። በሬ የሚፈልገው ሰማይ ላይ ነው?

ስሙን ለሳጅኑ ሰጠሁ። "አይተሽዋል?" አለኝ። ያሳወረኝን ሰው እንዴት ላየው እችላለሁ...

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጋሼ ስመኘው መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ሽማግሌ። ከዱርቤቴ እህል ጭነው ዓርብ ማታ ነው የተመለሱት። አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ይዘዋል። ለጾም ይሆንሻል አሉ። አንጓዬን አይተው ዓይናቸውን መለሱ።

"ዋናው ነፍስሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላው በሽምግልና ያልቃል። አንቺ ብቻ ዝም በይ።"

"ለምን ዝም እላለሁ?"

"ነገር ሲበዛ ይሸታል።"

ከእማዬ ጋር ጓሮ ወጥተው ብዙ ቆዩ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ስላት "ጢስ ነው" አለች። ጓሮ ምን ጢስ አለ?

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሆስፒታል። የምሥራቅ እግር ተሰቅሏል፣ ከጫፉ ክብደት ታስሮበታል። ሦስት ወር ይላሉ፤ ከዚያ በኋላም ታነክስ ይሆናል።

ባሏ አንዷለም ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "አንቺን አምኜ ነበር ከኋላሽ ያስቀመጥኳት።" ምን ልበለው? እኔም ራሴን አምኜ ነበር። ከስሼሻለሁ አለ። ሽማግሌ ከላክሽ ግን እሰማለሁ አለ።

ምሥራቅ አትወቅሰኝም። አትከላከልልኝምም። ከጀርባዬ ተደብቃ ስለነበር ከመብራቱ ያየችው በጎን ያለፈውን ብቻ ነው። "ቀን የሆነ መሰለኝ" አለች። "ቀን ሆኖ ደግሞ መሸ።"

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ወደ ቡሬ በሚያስወጣው የከተማችን ጫፍ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ቆምኩ። ደብተሬን የተሰነጠቀው እጄ ጀሶ ላይ አስደግፌ። ሠላሳ አንድ መኪና አለፈ። ፊት ለፊት ሌላ ሲመጣ ወደ አጭር መብራት የመለሱት ዘጠኝ። ፓውዛ የጨመሩ አሥራ ሁለት። ፋብሪካው የሰጠውን አምፖል አውጥተው ያን ነጭ የሚወጋ አምፖል ያስገቡ... መቁጠር አቃተኝ። ዓይኔ አለቀሰ።

መኪናው ካለፈ በኋላ የራሴን ጫማ መልሼ እስካይ በእጅ ሰዓት ለካሁ። አንዴ አራት ሰከንድ፣ አንዴ ሰባት። በአርባ ፍጥነት አምስት ሰከንድ ማለት ሃምሳ አምስት ሜትር ነው። ሃምሳ አምስት ሜትር ያለ ዓይን።

ያነሣን ጋሪ ነጂ አጠገቤ ቆመ። "ምን ትቆጥሪያለሽ?" ነገርኩት። "የኔ ፈረስ መኪና ሲመጣ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ማንም አላስተማረውም። እኔ ግን አፍጥጬ አያለሁ። ከሁለታችን ማን ነው ሹፌሩ?"

እኔስ? ገጠር ውስጥ ረጅሙን መብራት አብርቼ ስነዳ እግረኞች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አፍረው ይመስለኝ ነበር። አፍረው አልነበረም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ስሌቱን ለሳጅኑ ወሰድኩለት። አነበበው። "ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ ማለት ነው" ብሎ መለሰልኝ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ክንዱ ቢሮ መጣ። ኮፍያውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

"ስሜን ለፖሊስ ሰጥተሻል አሉ።"

"ሰጥቻለሁ።"

"ያን ሐሙስ ፈረስ ቤት ከተማ ነው ያደርኩት። ከብት ስገዛ። ሳጅኑ ደውሎ አረጋግጧል፣ ብትፈልጊ አንቺም ደውዪ።"

"መንገድ ላይ ታገኘኛለች ያልከው አንተ አይደለህም?"

"ነኝ። ባገኝሽ ወርጄ እሰድብሻለሁ። ስድቤን ትቼ በመብራት ምን ያጫውተኛል?" ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። "ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ ነው ብልጭ ያለው?"

"ሦስት።"

ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

"አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? ሦስት ጊዜ መብራት የሰጠሽ ሰው እኮ ሰላም እያለሽ ነው። ሹፌር ለማያውቀው ሰው እንዲህ አያደርግም። ለጠላት ማን ሰላምታ ያባክናል? የሚያውቅሽን ፈልጊ። የሚወድሽን።"

ሄደ። ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

አላምነውም። ራሱን ሊያድን ነው... ግን ፈረስ ቤት ደወልኩ። እውነት ነው፣ እዚያ ነው ያደረው።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሞተሬን ከሩቅ የሚለያት ማን ነው? የፊት መብራቷ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ የሚያውቃት በዚያ ይለያታል።

የቢሮው ሹፌር? የዚያን ሐሙስ መኪናው ጋራዥ ነበር። ራሴ አይቻለሁ። ከቡሬ የሚመላለሱት የሚኒባስ ልጆች? ሰላም ይሉኛል፣ ግን የዚያ ድምፅ የሚኒባስ አይደለም።

አንድ ስም ጽፌ ሰረዝኩት። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ከዚህ ወደ ዱርቤቴ በባዶ አይሱዙ የሚሄድ ሰው። ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? ያጎረሰኝን እጅ የምጠረጥር...

ሙዙ ጠቁሯል። ማንም አልበላውም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ንብረት የሚባል ልጅ ዘንድ ሄድኩ።

"ፓውዛ ለማን ለማን ገጠምክ?"

"ለማን አልገጠምክም ብትዪ ይቀላል።"

ስለ ማብሪያው ጠየቅኩት። የሚሠራው መኪና ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። "ይሄ ከመሪው ሥር ያለው ስትስቢው ያበራል፣ ስትለቂው ይጠፋል። ፓውዛው ግን ለብቻው ቁልፍ አለው። መልሰሽ ካልተጫንሽው በርቶ ይቀራል። እጁ እስኪለምድ ሰው ይሳሳታል።"

መደርደሪያው ላይ ሁለት ፓውዛ አየሁ። መስታወታቸው ጭረት እንኳ የለውም።

"እነዚህስ?"

"ተፈተው ነው።"

"ሰው አዲስ ገጥሞ ያስፈታል?"

"ባለቤታቸው ይቅርብኝ አሉ።"

አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው ማለት ነው።

"መቼ ገጠምክላቸው?"

"ረቡዕ፣ ኅዳር 17።"

"መቼ ፈታህ?"

"በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት። ሱቅ ሳልከፍት በሩ ላይ ቆመው ነበር።" ከዚያ የገባው መሰለኝ። ሽቦውን አነሣ፣ አስቀመጠ። "ፀደንያ፣ እንጀራዬን አትዝጊብኝ።"

"ስም ብቻ ንገረኝ።"

የመኪናው ሞተር ላይ ጎንበስ አለ። "አጎትሽን ጠይቂ" አለኝ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር?"

"ምኑን?" ሽንኩርት መላጧን አላቆመችም።

"ጋሼ መሆናቸውን።"

"ሊጠይቅሽ የመጣ ዕለት ጓሮ ወስዶኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰላም ሊልሽ ነው እኮ። ሰላም ያለ ሰው ይከሰሳል?"

"ሰላም በማለታቸው ማን ከሰሳቸው? በመደበቃቸው ነው።"

"እንጀራው መኪናዋ ናት። አምስት ልጅ አለው። አንቺ ተምረሻል፣ ወጣት ነሽ፣ አንድ ወረቀት ምን ያደርግሻል?"

"እኔ ልጅሽ አይደለሁም?"

ቢላዋውን አስቀመጠች።

ከአንዷለም ጋር የሚደረገው ሽምግልና ዓርብ ነው። ከኛ ወገን ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት ማን እንደሆኑ አሁን ነገረችኝ። ጋሼ ስመኘው።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፣ በዓታ

ከቅዳሴ በኋላ፣ በአንዷለም ግቢ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። በመሐል አባ ገብረሰንበት፣ የደብሩ ቄስ፤ በቀኝ የአንዷለም ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ፤ በግራ ጋሼ። በሩ ላይ ድንጋይ ተዘጋጅቷል። ለሴት ብለው ትንሽ መርጠዋል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ድንጋዩን ተሸክሜ "አጥፍቻለሁ" እላለሁ። አንዷለም ክሱን ያነሣል። የሳጅኑ ወረቀት እንዳለ ይቀራል፣ መንጃ ፈቃዴም ቶሎ ይመለስልኛል። እውነቱን ልጻፍ፦ ትናንት ማታ ልሸከመው አስቤ ነበር። ደክሞኛል።

አባ ገብረሰንበት ጀመሩ። "ልጄ፣ ጾም ላይ ነን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።"

"አባ፣ ሳሉ የያዘው ሌላ ሰው ነው።"

ጎረቤትየው ተቆጡ። "ይቺ ልጅ ምላሷ አይታጠፍም?"

"ድንጋዩን ከማንሣቴ በፊት አንዱን ሽማግሌ ልጠይቅ።"

"ሽማግሌ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም።"

"ትጠይቅ" አሉ አባ።

"ጋሼ፣ ኅዳር 18፣ ከማንኩሳ ወዲህ፣ ለማን ነው ሦስት ጊዜ መብራት የሰጡት?"

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። መሬት አዩ። የጎረቤት ወፍጮ ብቻ ይሰማል።

"ላንቺ" አሉ በመጨረሻ። "ሞተርሽን ከሩቅ ለየኋት። ደስ አለኝ። አዲሱን መብራት እንድታዪልኝ ብዬ... ሦስተኛው በርቶ ቀረ። ቁልፉን ስፈልግ አልፌሻለሁ። መውደቅሽን አላየሁም። የዛሬዋን ማርያምን፣ አላየሁም።"

"አምንዎታለሁ።" እውነቴን ነው። "መውደቄን መቼ ሰሙ?"

"በማግስቱ። እናትሽ ዱርቤቴ ደወለችልኝ።"

"ከዚያ መብራቱን አስፈቱ። ከዚያ ሊጠይቁኝ መጡ። ከዚያ ዝም በይ አሉኝ። አሁን ደግሞ ሊያስታርቁኝ ተቀመጡ።"

አንዷለም ተነሣ። "የሚስቴ እግር ተሰቅሎ እናንተ እኔን ልታስታርቁ ነው የመጣችሁት?" ወደ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ።

ሽማግሌዎቹ ጥግ ሄደው ተማከሩ። ሲመለሱ አዲስ ሐሳብ አላቸው። ነገሩ የቤተሰብ ሆኗል፤ መኪናው አልነካሽም፤ ወረቀቱም ተጽፎ አልቋል። አንቺ ጥፋቱን እንዳለ ተቀበዪ፣ እሳቸው ደግሞ እዚሁ ይቅርታ ይጠይቁሽና ነገሩ ግቢ ውስጥ ይቅር። ማንም አይሰማ።

ጋሼ ድንጋዩን ሊያነሡ ጎነበሱ። ወገባቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ለኔ አይሸከሙልኝ። ይቅርታው ለምሥራቅ ነው፣ ያለችበትን ያውቁታል። ቃልዎን ደግሞ ለሳጅኑ ይስጡ። ሰኞ ጠዋት እዚያ ነኝ።"

"ባልመጣስ?"

"ብቻዬን እናገራለሁ።"

እማዬ ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማሁ። አልዞርኩም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ለምሥራቅ ሁሉን ነገርኳት። ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ። "በሰላምታ ነው የተሰበርኩት በይኛ" አለች። ከዚያ፣ "እንዳትታረቂ። እውነቱ ሳይጻፍ ከታረቅሽ እዚህ አትምጪ።"

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የክንዱን ስም አስነሣሁ። በሐሰት ሰጥቻለሁ አልኩ። በራሴ ያፈርኩት በዚህ ብቻ ነው። ስወጣ ደውዬ ነገርኩት። "የበሬዎቹ ወረቀትስ?" አለኝ። የለም አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አንዷለም መጣ። አጠገቤ ቆመ።

ጋሼ አራት ሰዓት ሲሆን መጡ። በእግራቸው። ካለፈው ጊዜ አጥረው ታዩኝ። ለሳጅን ተስፋው ሁሉን ተናገሩ፦ ረቡዕ ማስገጠማቸውን፣ ሰላምታውን፣ ቁልፉን፣ ማስፈታታቸውን። ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንዲህ ያለ ቃል የት ላይ እንደሚጻፍ አላውቅም" አለ።

"እዚያው ላይ ጻፈው" አልኩት። "የኔን ጥፋት በጻፍክበት።"

ጻፈው። የኔን ግን አልሰረዘም። ሁለቱም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳሉ አለ፣ እነሱ ያያሉ። መንጃ ፈቃዴ አልተመለሰም። ጋሼም የሳቸውን አስረከቡ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ ሄዱ፤ አንዷለም ከኋላቸው ተከተለ። አብሬ አልሄድኩም። የነሱ ጉዳይ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ምሳዬን አቀረበችልኝ። አላናገረችኝም። የጋሼ ሚስት ከትናንት ጀምራ "አጎቷን ያስከሰሰች" እያለችኝ ነው። ይበሉ። ሰፈሩ ሁሉ ይበል።

ሞተሯ ቢሮ ግቢ ቆማለች፣ መሪዋ ተጣሟል። ለክትባት ነገ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በእግሬ።

ይሄን ለራሴ ጽፌ ላስቀምጥ። ባልሠራሁት ጥፋት ጎንበስ ብዬ ሰላም ማውረድ ከእንግዲህ የለም። ተምረሻል፣ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ታገኛለሽ እየተባልኩ የሌላ ሰው ሸክም ሲጫንብኝ እሺ አልልም። ጓሮ ተመክሮ ያለቀ ነገር ግቢ ውስጥ ሽምግልና ተብሎ ሲቀርብልኝ አልቀመጥም። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬም ሲመጡ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ። ጥፋታቸውን ግን በስሜ አልፈርምላቸውም። ለሳቸው አልፈርምም፣ ለማንም አልፈርምም።